ሊቢን ለሁለት የከፈላት ፊልም

ቢጫ የስፖርት መኪና በነዳጅ መቆፈሪያ ማማዎች መሃል በጨለማ ይከንፋል። ነጂው አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ሌላው ጠርሙስ ላይ ነው። ቤቱ ሲደርስ ጠርሙሱን ግድግዳ ላይ ከስክሶት ይገባል። በሩን የሚዘጋው የለም፤ ነፋሱ የደረቀ ቅጠል እየጠረገ ሰፊው አዳራሽ ውስጥ ይበትነዋል። ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ከአልጋዋ ለመነሳት ትታገላለች። ሽጉጥ ይጮኻል። ሰውየው እየተንገዳገደ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ነፋሱ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ወደ ኋላ እየገለባበጠ አንድ ዓመት ይመልሰናል።

«ሪትን ኦን ዘ ዊንድ» እንዲህ ይጀምራል። «በነፋስ ላይ የተጻፈ» እንደ ማለት ነው። በዳግላስ ሰርክ አዘጋጅነት ዩኒቨርሳል በ1956 ያወጣው ሜሎድራማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሮክ ሃድሰን፣ ሎረን ባኮል፣ ሮበርት ስታክ እና ዶረቲ ማሎን ይጫወቱበታል። ማሎን በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ኦስካር አግኝታበታለች፤ ስታክ ታጭቶ ሳይቀናው ቀርቷል።

ስለ ፊልሙ ቀለም፣ ስለ መስታወቶቹና ስለ ደረጃዎቹ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ታሪኩ የተቀዳው በእውነት ከነበረ ትዳር ነው። በዚያ ትዳር ውስጥ የነበረችው ሚስት፣ ዘፋኟ ሊቢ ሆልማን፣ ፊልሙ ውስጥ የት እንደገባች ለማወቅ ፊልሙን ደጋግሜ አየሁት። ለሁለት ተከፍላ አገኘኋት።

የሬይኖልዳ ሌሊት

ዛካሪ ስሚዝ ሬይኖልድስ የተወለደው በ1911 ነው። አባቱ አር ጄ ሬይኖልድስ የሰሜን ካሮላይና የትምባሆ ከበርቴ፣ በ1913 «ካሜል» ሲጋራን ለገበያ ያቀረበ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ዊንስተን ሴለም አጠገብ ሬይኖልዳ የተባለ ትልቅ ቤት ሠርቶ በ1917 ገባበት። አባትየው በማግሥቱ ዓመት ሞቱ። እናትየው በ1924 ተከተሏቸው። ስሚዝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ወላጅ አልባ፣ ነገር ግን ሚሊዮኖች የሚጠብቁት ወራሽ ሆነ። እሳት አመድ ይወልዳል የሚለውን ተረት ለመጥቀስ እጄን በላኝ፤ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ልጁ አውሮፕላን ነጂ ነበር፣ ያውም ደፋር። በ1931 እና 1932 ውሃ ላይም በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ብቻውን ከእንግሊዝ እስከ ሆንግ ኮንግ ተጉዟል።

ሊቢ ሆልማን ደግሞ በ1904 በሲንሲናቲ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደች የብሮድዌይ ዘፋኝ ናት። ድምጿ ወፍራምና ጎርናና፣ ዘፈኖቿ ወንድ ጥሏት የሄደ ሴት ለቅሶ ናቸው። «ቦዲ ኤንድ ሶል» የተሰኘውን ዘፈን በ1930 ኒውዮርክ መድረክ ላይ ያስተዋወቀችው እሷ ናት። ስሚዝ በመድረክ አይቷት ልቡ ጠፋ፤ በሄደችበት ሁሉ ይከተላት ጀመር። በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። እሱ ደግሞ የሌላ ሀብታም ቤተሰብ ልጅ አግብቶ ሴት ልጅ ወልዷል። በኖቬምበር 1931 ሬኖ ከተማ ፍቺውን ጨረሰና ሳምንት ሳይሞላው ሊቢን ሚሺጋን ውስጥ አገባት።

ትዳሩ ስምንት ወር እንኳ አልቆየም። ጁላይ 5 ቀን 1932 ማታ ሬይኖልዳ ውስጥ ለአንድ ወዳጃቸው የልደት ግብዣ ነበር። አሜሪካ መጠጥ የከለከለችበት ዘመን ነው፤ የተጠጣው በስውር የተጠመቀ የበቆሎ አረቄ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፎቅ ላይ ካለው የመኝታ በረንዳ ተኩስ ተሰማ። ስሚዝ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወድቋል። ሊቢና የስሚዝ የልጅነት ጓደኛ ሆስፒታል አደረሱት። ሊነጋጋ ሲል ሞተ። ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው።

በመጀመሪያ ራሱን አጠፋ ተባለ። ሽጉጡ ግን ክፍሉ በተደጋጋሚ ሲፈተሽ ሳይገኝ ቆይቶ በኋላ ተገኘ፤ ጥርጣሬው ከዚያ ወዲያ አልበረደም። ሊቢ በምርመራው ላይ ከዚያ ምሽት አብዛኛውን እንደማታስታውስ፣ ባሏም ራሱን ስለ መግደል ደጋግሞ ያወራ እንደነበረ ተናገረች። የምርመራ ሸንጎው የደረሰበት ቃል ሞቱ «ማንነቱ ባልታወቀ ሰው ወይም ሰዎች» በተተኮሰ ጥይት ነው የሚል ነበር። በኦገስት ሊቢና ጓደኛው በግድያ ተከሰሱ። ሊቢ ፊቷን በጥቁር ሻሽ ሸፍና እጇን ሰጠች፤ በ25,000 ዶላር ዋስ ተለቀቀች። ነፍሰ ጡር ነበረች።

እንግዲህ ጋዜጣ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ዘፋኝ፣ በዕድሜ የምትበልጥ፣ አይሁዳዊት፣ ከሰሜን የመጣች፤ በደቡብ የትምባሆ አገር በባሏ ሞት ተከሳ፣ ሆዷ ገፍቶ። ጽንሱ የማን ነው የሚለው ሹክሹክታ ወዲያው ተነሳ፤ ጓደኛው አብሮ ተከስሷልና። በኖቬምበር ግን ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነሳ። የሟቹ ዘመዶችም ክሱ ቢቀር እንደማይከፋቸው አስታውቀው ነበር። ማን እንደተኮሰ የሚል ፍርድ እስከ ዛሬ የለም። በጃንዋሪ 1933 ሊቢ ያለ ጊዜው የተወለደ ወንድ ልጅ ታቀፈች፤ ክሪስቶፈር አለችው።

አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ግማሽ

ሆሊውድ እስኪበርድ አልጠበቀም። ኤምጂኤም የተባለው ስቱዲዮ በ1935 ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ ያሰበውን «ሬክለስ» የተሰኘ ፊልም አወጣ። የመድረክ ኮከብ ሰካራም ወራሽ ታገባለች፣ ወራሹ ራሱን ይገድላል፣ ሕዝቡ እሷን ይወነጅላል። ለሚስትነት የታጨችው ጂን ሃርሎው ነበረች። የሃርሎው ባል ፖል በርን ስሚዝ በሞተ በሁለተኛው ወር፣ በሴፕቴምበር 1932፣ ቤታቸው ውስጥ በጥይት ሞቶ ተገኝቷል። የገዛ ሐዘኗን የሚመስል ነገር እንድትጫወት ተጠየቀች፣ ተጫወተች። ስቱዲዮው ይህን ሲያደርግ እፍረት የሚባል ነገር አልነካውም። ነገር ግን አንድ ነገር መካድ አይቻልም፤ ያ ፊልም ዘፋኟን ሙሉ አድርጎ አስቀምጧል። ሚስቲቱ ዘፋኝም ናት፣ ሚስትም ናት፣ ተወንጃይም ናት፣ እናትም ናት።

ሁለተኛው ዙር የመጣው በሮበርት ዋይልደር ልቦለድ በኩል ነው። መጽሐፉ በ1946 ወጣ፤ የትምባሆ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ፊልም እስኪሆን አሥር ዓመት ፈጀ። ሲደርስም ትምባሆው ነዳጅ፣ ሰሜን ካሮላይና ቴክሳስ ሆኖ ነበር። ቤተሰቡ ሃድሊ ተብሏል። ከተማውም በስማቸው ይጠራል፤ ዙሪያው ሁሉ ያለ ዕረፍት የሚሰግዱ የዘይት ማውጫዎች ናቸው።

ካይል ሃድሊ፣ ስታክ የሚጫወተው፣ ሰካራሙ ወራሽ ነው። ሚች ዌን፣ ሃድሰን የሚጫወተው፣ ከልጅነት አብሮት ያደገ ድሃ ጓደኛው፣ አሁን የኩባንያው ጂኦሎጂስት። ሉሲ ሙር ደግሞ፣ ባኮል የምትጫወታት፣ ኒውዮርክ ውስጥ የቢሮ ጸሐፊ ናት። አዎ፣ ጸሐፊ። ግራጫ የምትለብስ፣ ሥራዋን የምታውቅ፣ ገንዘብ የማያስደነግጣት ጨዋ ሠራተኛ። መድረክ አታውቅም፣ ዘፈን አታውቅም። ካይል በተዋወቁበት ቀን በአውሮፕላን ማያሚ ይወስዳታል። የሆቴሉ ክፍል ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ቁም ሳጥኑ ሲከፈት በልኳ ቀሚስ፣ መሳቢያው ሲከፈት የእጅ ቦርሳ በየዓይነቱ፣ በየጥጉ አበባ። ሉሲ ዙሪያውን አይታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ትሮጣለች። ተከትሏት ሄዶ፣ ጠባዩን ለውጦ፣ ስለ ራሱ እውነቱን ነግሮ ይለምናታል። በማግሥቱ ይጋባሉ። ሽማግሌ የለ፣ ዘመድ የለ። ሚች ሚስቱ ብትሆን ሲመኛት የነበረችውን ሴት ጓደኛው ሲያገባት ቆሞ አየ። ጫጉላቸው ላይ ሉሲ ከባሏ ትራስ ሥር ሽጉጥ ታገኛለች።

ታዲያ ዘፋኟ የት ሄደች? የካይል እህት ላይ ናት። ዶረቲ ማሎን የምትጫወታት ማሪሊ ሚችን ከልጅነቷ ጀምሮ ትወደዋለች፤ እሱ እንደ እህት ነው የሚያያት። ስለዚህ ከነዳጅ ማደያ፣ ከመጠጥ ቤት፣ ካገኘችው ቦታ ወንድ ትሰበስባለች። ሙዚቃው የእሷ ነው። ገላው የእሷ ነው። ሐሜቱ የእሷ ነው። ከሊቢ ሆልማን ሕይወት ከተማው ያልወደደው ነገር ሁሉ ለማሪሊ ተሰጠ፤ ትዳሩ፣ እርግዝናውና የሚታዘንለት ፊት ለሉሲ ቀረ። ለምን ቢባል ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የሚሠራበት የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ትዳርን ከፍ አድርጎ ማሳየት ግዴታ ያደርግ ነበር። ሚስት ያለ ነቀፋ ከሆነች፣ ከመጨረሻው ሬሳ በኋላ ከጥሩው ሰው ጋር መኪና ውስጥ ገብታ ብትሄድ ማንም አይከፋም። ሊቢን ሙሉ አድርገህ ካመጣሃት ግን ተመልካቹ ማን ተኮሰ ብሎ ይጠይቃል።

በእኔ ግምት ፊልሙ በዚህ የተጎዳውም የተጠቀመውም በአንድ ጊዜ ነው። የተጎዳው ሉሲ ላይ ነው። ባኮልን የሚያህል ተዋናይት ይዞ፣ ያቺ በዓይኗ ብቻ ወንድ የምታርበደብድ ሴት፣ አብዛኛውን ጊዜ ስትጨነቅና ስትታገሥ እናያታለን። ሚችም እንደዚያው፤ ደግ፣ ረጅም፣ አሰልቺ። የተጠቀመው ማሪሊ ላይ ነው። ፖሊስ አንድ ምሽት ከነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ጋር ሆቴል ይዟት ቤት ይመልሳታል። አባቷ ጃስፐር ሽማግሌ ነው፤ ልጆቹ የት እንዳመለጡት ሲያስብ ተሸንፎ ደረጃውን መውጣት ይጀምራል። እሷ ክፍሏ ውስጥ ሙዚቃውን ከፍ አድርጋ፣ ነበልባል የመሰለ ስስ የሌሊት ልብስ ለብሳ ትደንሳለች። ካሜራው ከእሱ እጅ ወደ እሷ እግር፣ ከእሷ እግር ወደ እሱ እጅ ይመላለሳል። ሽማግሌው የደረጃውን መደገፊያ ይጨብጣል። እጁ ይለቃል። ተንከባሎ ወርዶ ሲሞት ሙዚቃው አልቆመም፤ የማሪሊ ቀሚስ እየተሽከረከረ ነው። ማሎን ኦስካሯን ያገኘችው በዚህች ትዕይንት ነው ብል የሚከራከረኝ የለም። ሊቢን መድረክ ላይ አይቶ ልቡ የጠፋው ወጣት ምን እንዳየ ያን ጊዜ ገባኝ።

ፋርማሲው

ይህን ፊልም አንዴ ከአክስቴ ጋር አይቼዋለሁ። ትርጉም እየሰጠኋት ነበር፤ ግማሽ ድረስ «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?» እያለች ነው ያየችው። ዝም ያለችው ፋርማሲው ትዕይንት ላይ ሲደርስ ነው።

ካይል ካገባ ወዲህ መጠጥ ትቷል። ዓመት ሞላው፤ ሉሲ ግን አላረገዘችም። ሐኪሙን ሲያገኘው የምርመራው ውጤት «ድክመት» ያሳያል ይለዋል። መካን ነህ አላለውም፤ ሊሻሻል ይችላል ነው ያለው። ካይል ግን የሰማው አንዲቷን ቃል ብቻ ነው። ከፋርማሲው ሲወጣ በሩ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ የመጫወቻ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ላይ ወደ ታች እየናጠው፣ ጥርሱን ገልፍጦ ይጋልባል። ካይል ቆሞ ያየዋል። ፊቱ ላይ የሚታየውን ስታክ በአንድም ቃል አይናገረውም። ማታውን ጠርሙስ ጨበጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው። ማሪሊ በቅናት ሚችና ሉሲ ይዋደዳሉ የሚል ወሬ ጆሮው ላይ ታንጠባጥባለች። ሉሲ ማርገዟን ስትነግረው ጽንሱ የሚች ነው ብሎ ይመታታል፤ ይጨነግፋል። ካይል ሽጉጥ ይፈልጋል። እህቱ ስትታገለው ይተኩሳል። የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ የሰማነው ድምፅ ይህ ነው።

አክስቴ «የገደለውስ ሐኪሙ ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር በደጃፍ ይነገራል? ሚስቱን ጠርቶ፣ አስቀምጦ ነው እንጂ።» ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከብዙ ተንታኝ የተሻለ አይታለች። ይህ ቤት ሚሊዮኖች አሉት፤ አንድ ባል ሚስቱን «ሐኪሙ እንዲህ አለኝ» ብሎ የሚያናግርበት ክፍል የለውም። ክፍሎቹ ሁሉ ሰፊ ናቸው፣ ደረጃው ከሁሉም ይሰፋል፤ ሰዎቹ በመስታወት ውስጥ፣ በመስኮት በኩል፣ ከበር ኋላ ነው የሚተያዩት። የካሜራ ባለሙያው ረሰል ሜቲ ቀለሙን እስኪያቅለሸልሽ ያደመቀው ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም።

በእውነተኛው ታሪክ ማን ተኮሰ የሚለው ሳይመለስ ቀርቷል። ፊልም እንዲህ ሊተወው አይችልም፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ገብቷል። መልሱን ማን እንደሚሰጥ ማየት ግን ደስ ይላል። ምርመራው ላይ ማሪሊ ትቀርባለች። ሚችን ልታስወነጅለው ዝታ ነበር፤ ካላገባኸኝ ገድሏል እላለሁ ብላዋለች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጀመረች፣ ተደናቀፈች፣ እውነቱን አወጣች፤ ወንድሟ በትግል መሃል በስሕተት ነው የሞተው። እውነተኛዋ ሊቢ አላስታውስም ያለችውን ሌሊት፣ ግማሿ ማሪሊ እያለቀሰች ታስታውሰዋለች። ሌላዋ ግማሽ፣ ሉሲ፣ ዝም ብላ ትሰማለች።

ሉሲና ሚች በመኪና ይሄዳሉ። ማሪሊ የአባቷ ጠረጴዛ ላይ ቀርታለች፤ ግራጫ ሱፍ ለብሳ፣ የነዳጅ ማማ ቅርጽ ያለውን ወርቃማ ጌጥ በሁለት እጇ ይዛ። ከኋላዋ የአባቷ ሥዕል አለ፤ እሱም ያችኑ ማማ ይዟል። ከተማው ሲያማት የነበረችው ሴት ኩባንያውን ወረሰች። ይህ ደስታ ይሁን ቅጣት ሰርክ አይነግረንም።

ሰርክ ራሱ ስለ ፈረሰ ቤት ከሰው አይማርም ነበር። ሃምቡርግ ውስጥ ዴትሌፍ ዚርክ ተብሎ የተወለደ፣ የቲያትርና የፊልም አዘጋጅ ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ የናዚ ደጋፊ ሆነች፤ ሁለተኛዋ አይሁዳዊት ነበረች። የመጀመሪያዋ ወንድ ልጃቸውን እንዳያይ ከለከለችው። ልጁ በጀርመን ፊልሞች ላይ የሚጫወት የሕፃን ተዋናይ ስለነበረ አባት ልጁን የሚያየው ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ ስክሪን ላይ ብቻ ነበር። በ1937 አገሩን ጥሎ ወጣ። ልጁ በ1944 በምሥራቁ ግንባር ሞተ። ስለ ሃድሊ ቤት አዛውንት፣ ስለዚያ ልጆቹ ስላመለጡት አባት ሳስብ ይህ ትዝ ይለኛል፤ የደረጃውን ትዕይንት ከዚያ ወዲህ እንደ ማሪሊ ጭፈራ ብቻ አላየውም። ሰርክ በ1959 ሆሊውድን ትቶ ወደ አውሮፓ ተመለሰ።

የተወለደው ልጅ

ፊልሙ የሉሲን ልጅ አስጨንግፏል። ለታሪኩ ይመቸዋል፤ ውርስ የለ፣ ክርክር የለ፣ ሉሲ ባዶ እጇን ትወጣለች። በእውነተኛው ጉዳይ ግን ክሪስቶፈር ተወልዶ ከአባቱ ሀብት ሚሊዮኖች ደረሱት። ሊቢም ድርሻ አገኘች። ከስሚዝ ውርስ ሌላው ክፍል ደግሞ እህቶቹና ወንድሙ በ1936 በስሙ ላቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት ዋለ፤ እስከ ዛሬ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ይሠራል። ሬይኖልዳም ዛሬ የአሜሪካ ሥዕል ሙዚየም ሆኗል።

ሊቢ ሉሲንም ማሪሊንም አልሆነችም። በ1940ዎቹ ከጥቁሩ ጊታሪስት ጆሽ ዋይት ጋር ብሉዝ እየዘፈነች ዞረች፤ ጥቁርና ነጭ አንድ መድረክ ላይ መቆም ብዙ ቦታ በር በሚያዘጋበት ዘመን። ልጇ በ1950 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዊትኒ ተራራን ሲወጣ ሞተ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። በ1952 በስሙ የክሪስቶፈር ሬይኖልድስ ፋውንዴሽንን አቋቋመች። ራሷ በ1971 ኮነቲከት ውስጥ ቤቷ ጋራዥ ውስጥ፣ ሮልስ ሮይስ መኪናዋ ውስጥ፣ በጭስ ታፍና ልትሞት ስታጣጥር ተገኘች፤ ሆስፒታል ተወስዳ ሞተች።

ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1959 ሕንድ ሄዶ የጋንዲን አገር ሲያይ፣ ለጉዞው ገንዘብ ካዋጡት አንዱ የዚያ ልጅ ፋውንዴሽን ነበር። የካሜል ሲጋራ ገንዘብ።